ሙያ የሌለው መምህር

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ሻይ ቡና እያላችሁ አንብቡት። በተለይ ሀዋሳ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች (ዛሬ ብዙዎቻችሁ የልጆች እናትና አባት ናችሁ፤ ለእኔ ግን ያው ልጆች ናችሁ) እስከ መጨረሻው እንድትዘልቁልኝ እፈልጋለሁ። መጨረሻ ላይ የቤት ሥራ አለ።

ባለፈው እሁድ አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። በፎይል የተጠቀለሉ አራት ጥቅሎች፣ አንዱ ተከፍቶ፣ ውስጡ ሳልሞን ዓሣ ከነአትክልቱ፣ እንፋሎቱ ሲወጣ። ምንም አልጻፍኩበትም። ከሥር የመጡት አስተያየቶች ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስሉኝ ከረሙ። ግማሹ ቀልድ ነው፤ ወድጄዋለሁ። «ቲቸር፣ ይሄ የላብራቶሪ ሥራ ነው ወይስ ምሳ?» ያለኝን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ድሮም ከኋላ ወንበር ነበር የሚቀመጠው። ከሁሉ የበዛው ግን በተለያየ አነጋገር የተደጋገመ አንድ ጥያቄ ነው። «ምነው፣ ባለቤትዎ የሉም እንዴ?» «እትዬ አገር ቤት ሄዱ?» «ደህና ናችሁ ግን?»

ባለቤቴ አለች። ደህና ነን። ፎቶውን ያነሳችውም እሷ ናት።

ወንድ ልጅ ምድጃ አጠገብ ሲታይ ወዲያው የሚመጣልን ሐሳብ «ቤቱን ምን ነካው?» የሚል መሆኑ ነው ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ። እውነቱን ለመናገር ግምታችሁ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። እኔም የጀመርኩት ችግር ሲገጥመን ነው። የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

እስቲ አንድ ቃል እንይ። ወንድ ልጅ «ሙያህ ምንድን ነው?» ሲባል መምህር፣ ሹፌር፣ ግንበኛ ብሎ ይመልሳል። ስለ ሴት ልጅ «ሙያ አላት?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ትምህርቷን የሚጠይቅ የለም። ወጥ ትሠራለች ወይ፣ እንጀራዋ ዓይን አለው ወይ ማለት ነው። ሐኪም የሆነች ሴት «ሙያ የላትም» ልትባል ትችላለች። አንዱን ቃል ለሁለት ከፍለን ደመወዝ ያለውን ለወንድ፣ ደመወዝ የሌለውን ለሴት ሰጠን። እኔም በዚህ አከፋፈል አርባ ምናምን ዓመት ተመችቶኝ ኖርኩበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ሲያትል ነው። እኔ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ባለቤቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ የክረምት ጠዋት ከሥራ ስትመለስ ደጃችን ያለው ደረጃ በረዶ ይዞ ኖሮ አዳለጣት። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት ጀሶ።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደምታውቁት ነው። ወዳጅ ዘመድ ድስት ድስቱን ይዞ መጣ፤ ፍሪጃችን ሞላ። በሁለተኛው ሳምንት ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ገባ፤ ድስቱም አለቀ። እኔ ያለኝ መፍትሔ ስልክ ነበር። ፒዛ፣ ከዚያ በርገር፣ ከዚያ ደግሞ ፒዛ። ልጆቹ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ በአምስተኛው ቀን ግን ሳጥኑን አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

አንድ ሌሊት ከማታው ፈረቃ ስመለስ ወጥ ቤቱ መብራት አለው። ባለቤቴ ጀሶውን ሽንኩርቱ ላይ አስደግፋ፣ በግራ እጇ ቢላ ይዛ ትከትፋለች። ቢላው በየመሃሉ ይንሸራተታል።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

«ልጆቹ የቤት ምግብ ከቀመሱ ሰነበቱ» አለች። ሳትቆጣ ነው ያለችው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቢላውን ተቀበልኳት። ተቀብዬ ግን ምን እንደማደርገው አላወቅኩም። ልጆች፣ አስቡት። ሙቀት በኮንዳክሽን፣ በኮንቬክሽንና በራዲዬሽን እንዴት እንደሚተላለፍ ለዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አርባ ከመቶ በታች ያመጣችሁትን ወላጅ አምጡ እያልኩ የላክሁ ሰው ነኝ። ያንን ሌሊት ለታመመች ሚስቴ ሽሮ ማሞቅ አልቻልኩም። አሳረርኩት። ሙያ የሌለኝ እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት ለአንድ ባልደረባዬ አወራሁት። ቤተሰቦቹ ከጃፓን የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። አልሳቁብኝም፣ አልመከሩኝምም። የጉዞ ሰሌዳ ወረቀት ገልብጠው በእስክሪብቶ ሣሉልኝ። ታች አትክልት፣ ላይ ዓሣ፣ ዙሪያውን ፎይል። «ስታጥፈው ከላይ ክፍት ቦታ ተውለት፤ እንፋሎቱ የሚሠራው እዚያ ነው» አሉኝ። እነሱ ቤት «ሆይሩ-ያኪ» ይሉታል፤ ያኪ ማለት ጥብስ ነው። ድስት አይፈልግም፣ ማማሰል አይፈልግም፣ ቁሌት አይፈልግም። «ለማያውቅ ሰው የተሠራ ምግብ ነው» አሉኝ። ለእኔ ማለታቸው ነው።

ዓሣው ለምን ሳልሞን ሆነ ለምትሉ፣ ሳልሞን ለሲያትል ቆሮሶ ለሀዋሳ እንደማለት ነው። እዚህ ባላርድ የሚባል ሰፈር በ1917 የተከፈተ የመርከብ ማሻገሪያ አለ፤ ከጎኑ ለዓሦች የተሠራ የውሃ ደረጃ አለው። በወቅቱ ከሄዳችሁ ከባሕር የተመለሱት ሳልሞኖች ደረጃ በደረጃ ሽቅብ ሲዘሉ በመስታወት ታያላችሁ። ወንዝ ውስጥ ተወልዶ፣ ውቅያኖስ ላይ አድጎ፣ እንቁላሉን ለመጣል ወደተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። ስደተኛ ሆኖ ያንን መስታወት ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አላየሁም።

አሁን ወደ ስህተቶቼ። አስተማሪ ስህተቱን ካልተናገረ ተማሪ አይማርም።

አንደኛ። ሽማግሌው 12 ደቂቃ ብለውኝ እኔ «በደንብ ይብሰል» ብዬ 45 ደቂቃ አቆየሁት። አገር ቤት ሥጋ ሲቀቀል አይደል ያደግነው? ሲከፈት ዓሣው ቾክ ሆኗል፤ ላዩ ላይም ነጭ ነገር ወጥቶበታል። ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ነበር። ነጩ ነገር አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ጉዳት የለውም፤ ሙቀት ሲበዛበት ጡንቻው ተኮማትሮ ጨምቆ ያወጣዋል። የዓሣ ጡንቻ እንደ በሬ ሥጋ አይደለም፤ የሚያያይዘው ጅማት ስስና ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይበስላል። 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መርጋት ይጀምራል፤ 60ን ሲያልፍ ውሃውን መልቀቅ ይይዛል። የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት መመሪያ የሚለው መሃሉ 63 ዲግሪ ይድረስ ነው። እኔ አሁን መውጊያ ቴርሞሜትር አለኝ፤ ፊዚክስ አስተማሪ ያለ ቴርሞሜትር ምን ይሠራል?

ሁለተኛ። ዓሣው ደርሶ ካሮቱ ጥሬ ሆነብኝ። ካሮቱን በአውራ ጣቴ ውፍረት ነበር የቆረጥኩት። ሙቀት ወደ ካሮት መሃል የሚደርሰው በኮንዳክሽን ነው፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ አራት እጥፍ አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ካሮቱ እንደ ክብሪት እንጨት ይቅጠን፤ ቶሎ የሚበስለው ወፈር ይበል። የምግቡ ሚስጥር ቅመሙ ላይ አይደለም፣ አቆራረጡ ላይ ነው። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ሁሉ እኩል ይድረስ።

ሦስተኛ። ከኦቨን እንዳወጣሁ ጎንበስ ብዬ ፊቴ ላይ ከፈትኩት። ላተንት ሂት ታስታውሳላችሁ? አንድ ግራም እንፋሎት ቆዳችሁ ላይ አርፎ ወደ ውሃ ሲለወጥ 2,260 ጁል ያህል ይለቃል። ያው አንድ ግራም የፈላ ውሃ ወደ ሰውነት ሙቀት እስኪወርድ የሚለቀው 260 ጁል ገደማ ነው። ይሄንን ቁጥር በፈተና ስጠይቃችሁ ኖሬ እኔ በግንባሬ አረጋገጥኩት። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ደቂቃ አሳርፉት፤ ከዚያ ከእናንተ ራቅ ካለው ጎን ጀምራችሁ ክፈቱት። ግን ደግሞ ልብ በሉ፤ ያቃጠለኝ እንፋሎት ነው ዓሣውን ሳያደርቅ የሚያበስለው። ኦቨኑ 200 ዲግሪ ቢሆንም እርጥብ የሆነው የጥቅሉ ውስጥ ግን ከ100 ብዙ አያልፍም። ለጀማሪ የሚመከርበት ምክንያት ይሄ ነው።

እንግዲህ አሠራሩ፣ ለአራት ሰው።

ሳልሞን አራት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 150 ግራም አካባቢ፣ እሾሁ የወጣ። በረዶ የሆነውን ከገዛችሁ ከዋዜማው ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ ቀስ ብሎ ይቅለጥ። አትክልቱ፣ ቦክ ቾይ የሚባለው የቻይና ጎመን፣ በቀጭኑ የተከተፈ ካሮት፣ ትልቁ ቀይ ቃሪያ፣ ፎሶሊያ፣ እንጉዳይ። ያላችሁን አድርጉ። ድንች ብቻ አትጨምሩ፤ አይደርስም።

ማባያው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው የተቀነሰለት ሶይ ሶስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሩዝ አቼቶ፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ተፍቆ፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ተደቁሶ። እኔ በጣቴ ጫፍ ሚጥሚጣ እጨምራለሁ፤ ሽማግሌው አላዩም። ጨው የሚባል ግን አትጨምሩ። ተራው ሶይ ሶስ በአንድ የሾርባ ማንኪያ 900 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም አለው፤ እዚህ ለአንድ ሰው ለቀን የሚመከረው ጣሪያ ደግሞ 2,300 ነው። እንደ እኔ ደም ግፊት ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ኦቨኑን አስቀድማችሁ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (በፋራናይት 400) አሙቁት። ሁለት ስንዝር ያህል ርዝመት ያለው ፎይል ዘርጉ። የሚያበራው ጎን ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚለውን ክርክር ተዉት፤ ልዩነት የለውም። ፋብሪካ ውስጥ በመጨረሻው መዳመጫ ሁለት ንጣፍ ተደርቦ ስለሚያልፍ ነው፤ ብረቱን የነካው ጎን ያበራል፣ እርስ በርስ የተነካካው ይደበዝዛል። መሃሉ ላይ አትክልቱን፣ አትክልቱ ላይ ዓሣውን፣ ዓሣው ላይ ማባያውን። ጎንና ጎኑን አገናኝታችሁ ሁለት ጊዜ እጠፉት፤ ጫፍና ጫፉንም እንደዚያው። ከላይ እንደ ድንኳን ክፍት ይሁን፣ ዙሪያው ግን አይተንፍስ። ማባያው ኮምጣጣ ስለሆነ ጠቅልላችሁ አታሳድሩት፤ አሲድ አሉሚኒየምን ይበላል። ልትጋግሩ ስትሉ ጠቅልሉ።

ወፍራሙ ቁራጭ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ፤ ቀጭኑ ከዚያ ያነሰ። ሶካይ የሚባለው ቀዩ የዱር ሳልሞን ስቡ ትንሽ ስለሆነ በእርባታ ከሚያድገው ቀድሞ ይደርሳል። ሲከፈት የተቆላ ሰሊጥና የአረንጓዴ ሽንኩርት ቅጠል በተን። ከነጭ ሩዝ ጋር። ልጄ ከእንጀራ ጋር ይበላዋል፤ ሄዶ ይሄዳል።

አገር ቤት ላላችሁ፣ ሳልሞን አትፈልጉ። የቆሮሶ ሙዳ ስስ ስለሆነ ስምንት ወይም አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ኦቨን ከሌለ ምጣድ አግላችሁ ጥቅሉን ከላይ፣ አክምባሎውን ድፉበት። ፎይል ከተወደደ ደግሞ የኮባ ቅጠል አለላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ፤ እናንተ ጋ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይሄንንም አስተምሬያችኋለሁ።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። የሚመጣብኝን አውቀዋለሁ።

«ይሄ የእኛ ምግብ አይደለም።» ልክ ነው፣ አይደለም። በትክክል የማንም አይደለም። አጠቃለሉ ከጃፓን ቤት የመጣ፣ ዝንጅብል ከአረንጓዴ ሽንኩርትና ከሶይ ሶስ ጋር እንፋሎት ላይ በበሰለ ዓሣ ማድረጉ የካንቶን ቻይናዎች፣ ዓሣው የዚህ አገር፣ ሚጥሚጣው የእናቴ። ግን እስቲ በደንብ እዩት። ድፎ ዳቦ በኮባ ጠቅልለን የምንጋግረው ለምንድን ነው? ሀዋሳ የኖራችሁ፣ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ሲጋገር ያላየ አለ? ቅጠሉ እርጥበቱን ይይዛል፣ ሙቀቱን ያለዝባል፣ ሽታውን ያስቀራል። ፎይል የሚሠራው ያንኑ ነው። የሰሊጡንም ነገር ላንሳው። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙልን ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ነው፤ ከገዢዎቹም ዋነኛዋ ቻይና ናት። ጠርሙሱ ላይ የቻይና ፊደል ስላየን የሰው ነው እንላለን እንጂ ውስጡ የሁመራ ሰሊጥ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ለልደት ኬክና ለሰርግ ላዛኛ «የእኛ አይደለም» ያለ ሰው አላጋጠመኝም። «የእኛ አይደለም» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ሊሠራው ሲነሳ ነው።

«ለየብቻ መጠቅለል ከአንድ መሶብ መብላትን ይገድላል።» ይሄኛው ያስጨንቀኛል። እናቴ በቪዲዮ አይታ «ምነው እንደ እስረኛ ስንቅ ለየብቻ?» ብላኛለች። ልክ ናት። በሌላ በኩል ግን ቤታችን ውስጥ አንዷ ጿሚ፣ አንዱ ጨው የተከለከለ፣ አንዱ እንጉዳይ ሲያይ የሚሮጥ ነው። ባለቤቴ በጾም ዓሣ አትበላም፤ ለእሷ ቶፉና እንጉዳይ እጠቀልላለሁ፣ በዚያው ኦቨን፣ በዚያው ሰዓት ይደርሳል። ጥቅሎቹ ላይ ስማቸውን በፓርከር እጽፋለሁ። ድሮ እሷ ለሁሉም ለየብቻ ሦስት ድስት ትጥድ ነበር፤ ሦስት ድስት መጣዷን ግን ማናችንም አላየነውም። አሁን አራቱን ጥቅል አንድ ትሪ ላይ አድርገን አብረን እንከፍታለን። ማንም ቀድሞ አይከፍትም። እንፋሎቱ በአንድ ጊዜ ሲወጣ የሚሰማን ነገር ከመሶብ ብዙ የራቀ አይመስለኝም። ጉርሻም አልቀረም፤ ትንሿ ልጄ ከሁሉም ጥቅል ግብር ትሰበስባለች።

«ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት።» ይሄንን በውስጥ መስመር የላከልኝ ወንድሜ ሆይ፣ ተረቱን አውቀዋለሁ። ግን ችሎቱ የታለ? እዚህ አገር እኔም እሷም ሰዓት ፈርመን ነው የምንገባው። እሷ ሌሊቱን የሰው እናት ስታገላብጥ አድራ ትመጣለች፤ እኔ አውቶቡስ እነዳለሁ። ሁለታችንም ወደ ችሎት ሄደናል። ማጀቱን ብቻ ለእሷ የተውንላት በየትኛው ሕግ ነው? አገር ቤትም ቢሆን ዛሬ ቢሮ የማትውል ሚስት ያላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ሚስቱ ቤት የምትውለውም ቢሆን እኮ እጇ ሊሰበር ይችላል።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ጀግናው አባት ዓሣ ጋግሮ ቤቱን አዳነ። የባሰውን ትችት ያመጣችው ግን ባለቤቴ ናት።

ባለፈው እሁድ ፎቶውን አነሳችልኝና ስልኩን እየመለሰችልኝ፣ «አንተ ስታበስል ፎቶ ይነሳል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ሳበስል ማን አነሳኝ?» አለች።

ፈገግ ብላ ነው ያለችው። እኔ ግን ማታ ቁጭ ብዬ ስልኬን አገላበጥኩ። የዶሮ ወጥ ፎቶ አለ፣ የፋሲካ መሶብ አለ፣ እንግዶች አሉ። እሷ ምድጃው ጋ ቆማ የተነሳችበት አንድም የለም። አንድም።

ስለዚህ ለራሴም ለእናንተም የምለው ይሄ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ዓሣ መጋገር ሙያ አይደለም፤ የሙያ በር ነው። ሙያው ያለው ከበሩ ወዲያ ነው። «ዛሬ ምን እንብላ?» የሚለውን ጥያቄ በየቀኑ መሸከም፣ በርበሬው ሊያልቅ መሆኑን ቀድሞ ማወቅ፣ የማን ልጅ ምን እንደማይስማማው ማስታወስ፣ ሲንኩን ማጠብ፣ ፎይሉን መጣል። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ጋግሬ፣ አስጨብጭቤ፣ ሶፋዬ ላይ እሄድ ነበር፤ ቢላውን፣ መክተፊያውንና ሳህኑን እሷ ታጥባለች፣ በቅርቡ ጀሶ በወጣለት እጇ። ያንን ረዳት እንኳ አይሉትም፤ እንግዳ ነው የሚሉት። ዛሬ እሁድና ረቡዕ የእኔ ናቸው፤ ከገበያው እስከ ዕቃ ማጠቡ። ከሰባት ሁለት ቀን ማለት ነው፤ በእኔ አሰጣጥ 28 ከመቶ። ወላጅ የሚያስጠራ ውጤት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ከዜሮ ነው የመጣሁት።

ለምን በዓሣ ጀመርክ፣ ለምን በሽሮ አልጀመርክም ለምትሉኝም መልስ አለኝ። በሽሮና በዶሮ ብጀምር ኖሮ አስተማሪዬ እሷ ትሆን ነበር፤ በጀሶ እጇ አጠገቤ ቆማ «አማስለው፣ ውሃ ጨምር» ስትለኝ ሥራው መልሶ የእሷ ይሆናል። እንጀራና ወጥ የዓመታት ልምድ ነው፤ ወንዱ አንዴ ሞክሮ ያበላሽና «አየሽ፣ አይሆንልኝም» ብሎ በክብር ይወጣል። ይሄንን ዘዴ የማናውቀው ወንድ የለንም። ይሄ ጥቅል ግን ያንን ሰበብ ይወስድብናል። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጄ ብቻውን ይሠራዋል። ሙያ በልብ ነው ይባል የለ? ልብ ደግሞ ወንድም ሴትም አይልም።

የልጄን ነገር ካነሳሁ ላይቀር፣ ባለፈው ወር የክፍል ጓደኛው ቤታችን መጥቶ «ዛሬ እናትህ ምን ሠራች?» ብሎ ጠየቀው። ልጄ ምንም ሳይመስለው «ዛሬ ረቡዕ ነው፣ የአባዬ ቀን ነው» አለው። ለእሱ ምንም አይደለም፤ ቀን ነው። እኔ ግን ሲንኩ ጋ ቆሜ ሳህኑን ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ይሄ ልጅ አንድ ቀን ሚስቱ ብትታመም፣ ሌሊት ገብቶ ቢላ አይነጥቃትም። ቀድሞ አብስሎ ይጠብቃታል።

እንግዲህ የቤት ሥራው። ወንዶች ልጆቼ፣ እስከሚቀጥለው እሁድ ድረስ አንድ ጥቅል ሥሩ። ዓሣ ካልተገኘ የዶሮ ፈረሰኛ በስሱ ከትፋችሁ፣ እስኪደርስ ጊዜ ጨምሩለት፤ ጾም ከሆነ አትክልቱን ብቻ። ወንድ ልጅ ያላችሁ አጠገባችሁ አቁሙት፤ ካሮቱን እሱ ይክተፍ። ሴቶች ልጆቼ፣ የእናንተ የቤት ሥራ ይከብዳል፤ ከወጥ ቤት ውጡና ቁጭ በሉ። ቢያር እንኳ እንዳትገቡ።

ማስረጃ ትልካላችሁ። የምግቡን ፎቶ ግን አልቀበልም፤ እሱን እኔም አንስቻለሁ። የታጠበውን ሲንክ ፎቶ ላኩልኝ። ማርክ የምሰጠው በእሱ ነው።

እስከዚያው ቸር ሰንብቱልኝ። አስተያየታችሁን ከሥር ጻፉ፤ ከኋላ ወንበር ያለኸውም ጭምር።